የእጅ ኳስ ክበብ ዘገባ፦ ሦስት ኳስና ሃያ ሁለት ትከሻ

በመስከረም መጨረሻ በሜዳው አጥር በኩል ያለፈ ሰው ያስታውሰናል። ሃያ ሁለት ልጆች የእጅ ኳስ ክበብ ነን ብለው ይሮጣሉ፣ ቁጢጥ ብለው ይነሣሉ፣ የመጋዘኑን ግድግዳ በመዳፋቸው ይገፋሉ፤ ኳስ ግን አይታይም። «መምህር፣ ኳሱ ተሰረቀ እንዴ?» እያሉ የቀለዱብኝ ባልደረቦች ጥቂት አይደሉም። አልተሰረቀም። መጋዘን ተቆልፎበት ነበር፤ ቁልፉም በእኔ ኪስ ነበር።

እንዲህ ያደረግሁት ዐምና ስላጠፋሁ ነው። ዐምና ትምህርት በተከፈተ በሳምንቱ ልጆቹን ጎሉ ፊት ደርድሬ እስኪመሽ አስወረወርኳቸው። ከሁሉም ጠንክራ የምትወረውረው ልጅ በጥቅምት አጋማሽ ቀኝ እጇን አንሥታ ፀጉሯን መሥራት አቃታት። ከቡድኑ እንዳላስወጣት ፈርታ ሁለት ሳምንት ደብቃኛለች። ወጌሻ ቤት ታሸች፤ ባሰባት። በጤና ጣቢያ የታዘዘላት ደግሞ ዕረፍት ብቻ ነበር። ዓመቱን በሙሉ ከሜዳው ጠርዝ ቆማ ጎል ስትቆጥርልን ከረመች።

በዚህ ዕድሜ የክንድ አጥንት የሚረዝመው ትከሻና ክርን አጠገብ ባለ፣ ገና ባልጠነከረ ለስላሳ ክፍል ነው። ውርወራ ሲደጋገም ከጅማቱ ቀድሞ የሚጎዳውም እሱ ነው። የእኛ ልጆች ደግሞ ክረምቱን ከኳስ ቢርቁም ትከሻቸው ከሥራ አይርቅም፤ በቆሎ ሲኮተኩቱና ጀሪካን ሲሸከሙ ከርመው ነው የሚመጡት።

ስለዚህ ዘንድሮ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ለእግርና ለወገብ ሰጠን፤ የውርወራ ጉልበት የሚነሣው ከዚያ ነውና። በሦስተኛው ሳምንት ከአሮጌ ካልሲ የሰፋነውን የጨርቅ ኳስ አወጣን። በአራተኛው መጋዘኑ ተከፈተ፤ ለአንድ ልጅ በቀን ሠላሳ ውርወራ ብቻ፣ ያውም በየሁለት ቀኑ። ሁሉም በደብተሩ ለእያንዳንዱ ውርወራ አንድ ጭረት ያሰምራል። በሠላሳ አንደኛው ጭረት ላይ ያልተጨቃጨቅንበት ቀን የለም።

ስብሰባዎቻችን በየአስራ አምስት ቀኑ ተካሂደዋል፤ ቃለ ጉባኤው በጸሐፊዋ እጅ ይገኛል። ወንዶቹ ከአራት ጨዋታ ያሸነፉት አንዱን ነው። ከጥር በኋላ ሦስት ልጆች ለቀውናል።

በዝርዝር መናገር የምፈልገው በኅዳር ወር ቅዳሜ ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም ስላደረግነው ጉዞ ነው። ሴቶቹ ከአንድ ትምህርት ቤት ጋር የወዳጅነት ጨዋታ ነበራቸው። አስተናጋጆቹ ኳሳቸውን ሲያቀብሉን አምበላችን በአንድ እጇ ጨብጣ አነሣችው፤ ጣቶቿ ዙሪያውን ያዙት። «መምህር፣ ይኼ እኮ ቀላል ነው!» አለች። ቁጥር 2 ኳስ ነበር፤ ከ325 እስከ 375 ግራም፣ ለእሷ ዕድሜ የተሠራ። የእኛዎቹ ሦስቱም ቁጥር 3 ናቸው፤ ከ425 እስከ 475 ግራም፣ ከ16 ዓመት በላይ ለሆኑ ወንዶች የተሠሩ። መቶ ግራም ምን ያመጣል የሚል ካለ፣ መቶ ጊዜ ወርውሮ ይንገረኝ።

ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው እኩል ነበርን። አምበላችን ኳስ ተቀበለች፤ ፊት ለፊቷ ከበረኛዋ በቀር ማንም የለም። አልወረወረችም። ለጓደኛዋ አቀበለችና ግራ እጇን አውጥታ ወደ እኔ መጣች። «ትናንት ነዶ ስንሸከም ነው የዋልነው። ትከሻዬ ጀምሮኛል፤ ሌላ ሰው አስገባ» አለችኝ። ጓደኛዋ ሳተች፤ በአንድ ጎል ተሸነፍን።

በመልሱ ሚኒባስ ውስጥ ማንም አልዘፈነም። እሷ ከኋላዬ ተቀምጣ ቆሎውን በግራ እጇ ስትቆረጥም ነበር። ዞር ብዬ ሳያት ያኮረፍኩ መስሏት አንገቷን ደፋች። እኔ ግን የማስበው ፀጉሯን መሥራት ያቃታትን የዐምናዋን ልጅ ነበር። በአምስት ቀን ውስጥ አምበላችን ወደ ልምምድ ተመለሰች፤ ዓመቱን ሙሉም ተጫወተች።

ሽንፈቱን እያነሡ «ልጆቹን አሞላቀቅሃቸው» የሚሉኝ አልጠፉም። ይበሉ። ሃያ ሁለት ልጆች መዝግበን ዓመቱን ስንዘጋ በትከሻ ሕመም ክበቡን የተወ አንድም ልጅ የለም።

ለወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት ያቀረብነው የአራት ቁጥር 2 ኳሶች ጥያቄ ከየካቲት ጀምሮ «በሂደት ላይ» ነው። ለዓመቱ መዝጊያ በዓል የድንኳን ኪራይ ግን በአንድ ስብሰባ ጸድቋል። ኳስ ሊለግሰን ያሰበ ወላጅ ወይም የቀድሞ ተማሪ ካለ ከመግዛቱ በፊት ኳሱ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ይመልከትልን። 3 ከሆነ፣ አለን።