ግልጽ ደብዳቤ፦ መጋቢት 20 በሐረር እንዲታሰብ

ለሐረሪ ሕዝብ ክልላዊ መንግሥት የባህል፣ ቅርስና ቱሪዝም ቢሮ
ሐረር

ጉዳዩ፦ የ1928 ዓ.ም. የሐረር ድብደባ እንዲታሰብና ተማሪዎች የጻፉት ተውኔት በጀጎል ውስጥ እንዲታይ ፈቃድ ስለመጠየቅ

ክቡራን የቢሮው ኃላፊዎች፣

እኔ በዚህች ከተማ ከሃያ ዓመት በላይ ታሪክ ያስተማርሁ መምህር ነኝ። ጥያቄዬን በተራ ማመልከቻ ሳይሆን በግልጽ ደብዳቤ ያቀረብሁት፣ ነገሩ በአንድ ፊርማ የሚያልቅ ቢሆንም እንኳ በጀጎል ውስጥም ከጀጎል ውጭም የሚኖሩ ሽማግሌዎችና እናቶች ሰምተውት የሚያውቁትን ሊጨምሩበት የሚገባ ጉዳይ ስለሆነ ነው።

መነሻዬ አንድ ተውኔት ነው። ባለፈው ዓመት የድራማ ክበባችን ተማሪዎች ስለ አንዲት የፈጠራ ከተማ ጻፉ። በታሪካቸው አንድ ኃያል ኢምፓየር አዲስ የጦር መሣሪያ ይሠራል፤ ከመሐንዲሶቹ አንዱ ጉልበቱ ገና በትክክል አልተለካም ብሎ ሲከራከር፣ አዛዡ ግን ለንጉሠ ነገሥቱ ቀን ቆርጦ ነበርና መሣሪያው በሩቅ ጠረፍ ባለች የንግድ ከተማ ላይ ይሞከራል። ከተማዋም ትጠፋለች። ልጆቹ የፍንዳታውን ትዕይንት ከአምስት ደቂቃ በላይ አልሰጡትም። ጊዜውን የሰጡት ለጠዋቱ ነው፦ ሆጃ እየጠጡ ለሚጫወቱት ጎረቤቶች፣ በገበያው ለሚከራከሩት ነጋዴዎች፣ እርጥብ ግድግዳ በእጇ ለምትለስን አንዲት ሙሽራ። ለከተማዋ ስም አላወጡላትም፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ «ከተማዋ» ብቻ ይሏታል።

ሐሳቡን ያገኙት በፊዚክስ ክፍለ ጊዜ ስለ ቢኪኒ ደሴት ሲማሩ ነው። አሜሪካ በ1946 ዓ.ም. በዚያ ያፈነዳችው የሃይድሮጅን ቦምብ ስድስት ሜጋቶን ያህል ጉልበት ይኖረዋል ተብሎ ሲጠበቅ 15 ሜጋቶን ሆኖ ወጣ፤ በቦምቡ ውስጥ ከነበረው ሊቲየም አብዛኛው ለፍንዳታው ምንም አይጨምርም ብለው ሳይንቲስቶቹ ገምተው ነበርና። የተመረዘው ብናኝ በነፋስ ተነድቶ በሮንጌላፕ ደሴት ነዋሪዎች ላይ ወረደ፤ ልጆች ምንነቱን ባለማወቅ ተጫወቱበት። በልምምድ ላይ ሳለን ሙሽራዋን ሆና የምትተውነው ተማሪ «ቲቸር፣ እንዲህ ያለ ነገር እኛ አገር ደርሶ ያውቃል?» ብላ ጠየቀችኝ። ስለ ማይጨው በየዓመቱ አስተምራለሁ። ልጅቱ ግን ጥያቄውን የጠየቀችው በሐረር ተወልዳ፣ በሐረር አድጋ፣ ሐረር ላይ ቆማ ነው፤ ይህም እንደ መምህር አሳፍሮኛል።

እሑድ መጋቢት 20 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን የጦር አውሮፕላኖች ሐረርን ደበደቡ። ማይጨው ላይ ውጊያው ሊገጠም ሁለት ቀን ቀርቶት ነበር። ሐረር ጦር የማይሰፍርባት ክፍት ከተማ መሆኗ ከወራት በፊት ለዓለም ተነግሮ ነበር፤ ቁስለኛ የሚታከምባት ከተማም ነበረች። ፈንጂውና ተቀጣጣዩ ቦምብ የወረደው ግድግዳ ለግድግዳ ተደጋግፈው በቆሙ ቤቶች ላይ ነው። በጀጎል ጠባብ መንገድ ያለፈ ሁሉ እሳት ከአንዱ ጣሪያ ወደ ሌላው ለመሻገር ስንት እርምጃ እንደሚበቃው ያውቀዋል። የጠላት ጦር እግሩን ሐረር ያስገባው በሚያዝያ 30 ነው፤ የሞቱት አርባቸው በወጣበት ዕለት ማለት ነው። ከሐረር ድብደባ 13 ወር ያህል በኋላ በስፔን ጌርኒካ በጀርመንና በጣሊያን አውሮፕላኖች ስትደበደብ የዓለም ሕዝብ ስሟን ያዘ፣ በሥዕልም በትምህርትም እስከ ዛሬ ያስታውሳታል። ስለ ጌርኒካ መታወሱ ተገቢ ነው። የእኛ ልጆች ግን ጌርኒካን አውቀው ሐረርን ሳያውቁ ሊያድጉ አይገባም።

የደቡቡን ግንባር ያዘዘው ሮዶልፎ ግራዚያኒ ነበር። እርሱ በመርዝ ጋዝ እንዲጠቀም ሙሶሊኒ በቴሌግራም የፈቀደለት ጥቅምት 16 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው፤ ጣሊያን ግን እንዲህ ያለውን መሣሪያ የሚከለክለውን የጄኔቫ ስምምነት በ1917 ዓ.ም. ፈርማ በ1920 ዓ.ም. አጽድቃው ነበር። የሰናፍጭ ጋዝ ስሙ ጋዝ ይባል እንጂ ዘይት የሚመስል ፈሳሽ ነው። በነካበት ሰዓት አያምም፤ ከሰዓታት በኋላ ቆዳው ይቀላል፣ ውሃ ይቋጥራል፣ ዓይን ይጋረዳል፣ ወደ ውስጥ የሳበው ሰው ሳንባው ይቆስላል። ማርከሻም የለውም። በሣርና በቁጥቋጦ ላይ ስለሚቆይ፣ በባዶ እግሩ የሚዘምት ወታደርና በዚያው የሚሰማራ ከብት አውሮፕላኑ ከሄደ በኋላም ያገኘዋል።

ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በጄኔቫ ለመንግሥታት ማኅበር ባቀረቡት አቤቱታ ውስጥ ለተማሪዎቼ ደጋግሜ ያነበብሁት ክፍል አለ። መርዙ መጀመሪያ በበርሜል ይጣል እንደነበር፣ በዚያ መንገድ የሚጎዳው ጥቂት ሰው ብቻ ሆኖ ሲገኝ ግን በአውሮፕላኖቹ ላይ ማርከፍከፊያ ተገጥሞ በሰፊ አገር ላይ እንደ ካፊያ እንዲወርድ መደረጉን ይናገራሉ። በተውኔቱ ውስጥ ኢምፓየሩ «ሙከራ» የሚለው ይህንኑ ነው። አንዱ ዘዴ ሳይበቃ ሲቀር ሌላው ተፈለገ፤ የሚፈለገው ውጤት የተለካውም በሰው ገላ ላይ ነበር። የጣሊያን መንግሥት በመርዝ ጋዝ መጠቀሙን በይፋ ያመነው በ1988 ዓ.ም. ነው። ግራዚያኒ በ1942 ዓ.ም. በአገሩ ፍርድ ቤት 19 ዓመት ቢፈረድበትም፣ ጥፋቱ ከጀርመኖች ጋር መተባበሩ ነበር እንጂ በኢትዮጵያ ላይ የሠራው አልነበረም፤ በጥቂት ወራት ውስጥም ተፈታ።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ላሳስብ እወዳለሁ። ሐረርም ላይ የወረደው የመርዝ ጋዝ ነበር የሚሉ ሰዎች አጋጥመውኛል። ተማሪዎቼን ያስተማርኋቸው በከተማዋ ላይ የወረደው ፈንጂና ተቀጣጣይ ቦምብ እንደሆነ፣ መርዙ ደግሞ በየግንባሩ በተሰለፈው ሠራዊትና በአካባቢው ገበሬና አርብቶ አደር ላይ እንደዘነበ ለይቼ ነው። ሁለቱን ባናደባልቅ መልካም ነው፤ አንዲት የተሳሳተች ዐረፍተ ነገር ቀሪውን ሁሉ መካድ ለሚፈልግ ሰው በር ትከፍታለችና።

ወሬው ከየት እንደመጣ የገባኝ ከአያቴ ነው። አያቴ በዚያ እሑድ የሰባት ዓመት ልጅ ነበረች። እናቷ እጇን ይዛ ወደ ሐኪም ጋራ ስትሮጥ ከኋላቸው የሚነድደው የበርበሬና የቅመም መጋዘን ነበር፤ ጭሱ ጉሮሮ ያፍናል፣ ዓይን ያስለቅሳል፣ ሰውም ሁሉ «መርዙ መጣ!» እያለ ፊቱን በነጠላና በሻሽ ሸፈነ። በኦጋዴን የሆነው ተሰምቶ ነበርና ማንም ሰው ሌላ ነገር ሊያስብ አይችልም ነበር። እስክትሞት ድረስ በርበሬ ሲታመስ እቤት ውስጥ አትቀመጥም፤ እኛ ልጆች ግን ጭሱ የማይስማማት እየመሰለን አድገናል። ይህ የአንዲት ሕፃን ትዝታ ነው፣ እንደ ሰነድም አላቀርበውም። ነገር ግን በዚህች ከተማ በስንት ቤት ውስጥ እንዲህ ያለ፣ ምክንያቱ ለልጅ ያልተነገረ ልማድ እንዳለ ሳስብ ዝም ማለት አልቻልሁም። ያን ቀን በዓይናቸው ካዩት የቀረ ቢኖር ዕድሜው መቶ ገደማ ነው። ዛሬ ልንደርስባቸው የምንችለው ከእናት ከአባታቸው የሰሙትን ነው፤ እነርሱም አርጅተዋል።

ስለዚህ ቢሮው ከቤተሰብ የሰማውን የሚናገር ሰው ሁሉ ቃሉ በድምፅ እንዲቀዳ እንዲያደርግ እጠይቃለሁ፤ ሐረሪው በሐረሪ ቋንቋ፣ ኦሮሞው በኦሮምኛ፣ ሶማሌው በሶማልኛ፣ አማራውም አርጎባውም ጉራጌውም በሚቀናው ቋንቋ ይናገር። ቦምቡ ሰፈር እንዳልመረጠ ሁሉ መዝገቡም ሊመርጥ አይገባም። ተማሪዎቼ ቃል ለመቀበል ከቤት ወደ ቤት ለመዞር ፈቃደኞች ናቸው፤ የሚያስፈልጋቸው የቢሮው የድጋፍ ደብዳቤ፣ የተቀዳው የሚቀመጥበት አስተማማኝ ቦታና የየሰፈሩን ሽማግሌዎች የሚያገናኛቸው አንድ ሰው ብቻ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄዬ ስለ ተውኔቱ ነው። በመጪው መጋቢት 20 ከሰዓት በኋላ በፈረስ መጋላ አደባባይ እንዲታይ ይፈቀድልን። አደባባዩን የመረጥነው አዳራሽ አጥተን አይደለም። ለትኬት የማይከፍል ሰው፣ ከገበያ የምትመለስ እናት፣ ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህ ግንቡን ሊያይ የሚመጣ እንግዳ ቆም ብሎ እንዲያየው ብለን ነው። እንግዶቻችን አሚር ኑር ግንቡን እንዳሠሩት ይነገራቸዋል፤ ግንቡ ሊከላከለው ያልቻለው ነገር ከሰማይ የመጣበትን ቀንም ቢሰሙ ደስ ይለኛል። ዕለቱ ሌላም ነገር አለው፦ ልክ በአምስተኛው ዓመት፣ መጋቢት 20 ቀን 1933 ዓ.ም.፣ ድሬዳዋ ከፋሺስት ጦር ነፃ ወጥታለች። የድሬዳዋ ትምህርት ቤቶችም ከእኛ ጋር ሊያስቡት የሚችሉት ቀን ነው።

ተውኔቱ ለቱሪስት የሚመጥን አይደለም፣ ያሳዝናል የሚል አስተያየት ከዚህ በፊት ደርሶናል። ያሳዝናል፤ እውነት ነው። ነገር ግን ልጆቹ ከሞት ይልቅ ስለ ኑሮ ብዙ እንደጻፉ ጽሑፉን ያነበበ ሁሉ ያያል፤ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤዋለሁና ከመወሰናችሁ በፊት እንድታነቡት እለምናለሁ።

በጽሑፉ ላይ ያደረግነው ለውጥ አንድ ብቻ ነው። ስለ መጋቢት 20 በተማርንበት ሳምንት፣ ለከተማዋ ስም ያላወጡት ለምን እንደሆነ ጠይቄያቸው ነበር። የማንም ከተማ እንድትሆን ብለን ነው አሉኝ። ሐረሪ የሆነ አንድ ልጅ ግን ጥቂት ቆይቶ እጁን አወጣና «ቲቸር፣ እኛ እቤት ሐረርን ጌይ ነው የምንላት፤ ጌይ ማለት ደግሞ ከተማ ማለት ነው» አለ። ከዚያ በኋላ ሙሽራዋ በመጨረሻው ትዕይንት «ከተማዋ» የምትለውን ቃል በሐረሪ ቋንቋ ትናገረዋለች።

ለልምምድ ቢያንስ አንድ ወር ስለሚያስፈልገን ምላሻችሁ የካቲት ከመግባቱ በፊት እንዲደርሰን በትሕትና እጠይቃለሁ። ለማብራሪያ በተጠራሁበት ሰዓት ከተማሪዎቼ ጋር እቀርባለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
አንድ የታሪክ መምህር
ሐረር