የገና ቁርስ ከዋዜማው ማታ ይጀምር

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

በበዓል ሰሞን በየጋዜጣው የሚወጡት የገና ቁርስ አሠራሮች አንድ ነገር ይጎድላቸዋል፤ ሰዓት። ስንት እንቁላል፣ ስንት ኩባያ ዱቄት እንደሚገባ ይናገራሉ። የትኛው ሥራ በዋዜማው ማታ ማለቅ እንዳለበት፣ የትኛው ለጠዋት መቆየት እንዳለበት ግን አይጠቅሱም። ቤተሰቡ ተሰብስቦ ሲጫወት አንድ ሰው ማብሰያው ፊት ተገትሮ የሚያረፍደው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ማታ ተሰናድተው ፍሪጅ ውስጥ የሚያድሩ፣ ጠዋት በአንድ ኦቭን በአንድ ሙቀት የሚበስሉ ሁለት ምግቦችን ከነሰዓታቸው ልጻፍ። ሁለቱም ለ8 ሰው ይበቃሉ።

የመጀመሪያው በእንቁላልና በወተት ርሶ የሚጋገር ዳቦ ነው። 400 ግራም ያደረ ዳቦ በ3 ሴንቲ ሜትር ልክ ይቆራረጣል። 8 እንቁላል፣ 700 ሚሊ ሊትር ወተት፣ 1 የሻይ ማንኪያ ጨውና ትንሽ ቁንዶ በርበሬ አብረው ይመታሉ። 250 ግራም ቆስጣ ወይም እንጉዳይ ከሽንኩርት ጋር ይጠበሳል፤ 200 ግራም ቺዝ ይፈቀፈቃል። 23 በ33 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ ጥልቀቱ ከ5 ሴንቲ ሜትር የማያንስ የመጋገሪያ ዕቃ ቅቤ ተቀብቶ ግማሹ ዳቦ ይነጠፍበታል። በላዩ ግማሹ አትክልትና ግማሹ ቺዝ፣ ከዚያ ቀሪው ዳቦ፣ ቀሪው አትክልትና ቺዝ ይከተላል። እንቁላሉ ቀስ ተብሎ ከፈሰሰበት በኋላ ዳቦው በመዳፍ ጫን ጫን ይደረግና ተሸፍኖ ቢያንስ 8 ሰዓት ፍሪጅ ውስጥ ያድራል።

የሚበላሸው በሦስት ምክንያት ነው። አንደኛው ዳቦው ነው። ትኩስ ዳቦ በራሱ እርጥበት ስላለው ወተቱን ሲጠጣ ይፈርስና እንደ ገንፎ ይሆናል። ያደረ ከሌለ የተቆራረጠው ዳቦ በ150 ዲግሪ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይድረቅ። ሁለተኛው አትክልቱ ነው። ቆስጣም እንጉዳይም ውሃቸውን የሚለቁት ሲሞቁ ነው፤ መጥበሻ ላይ ካልለቀቁት እንቁላሉ ውስጥ ይለቁታል። መጥበሻው ሥር ፈሳሽ እስኪጠፋ ይጠበሱ፤ ሳይቀዘቅዙም አይጨመሩ። ሦስተኛው የኦቭኑ ሙቀት ነው። ከ180 ዲግሪ ሲያልፍ ወይም ምግቡ ብዙ ሲቆይ የእንቁላሉ ፕሮቲን ይኮማተርና የያዘውን ውሃ ይተፋዋል። ሲቆረጥ ሳህኑ ላይ የሚወርደው ውሃ ከዚያ የመጣ ነው፤ «ወተቱ በዛ» ብሎ በሚቀጥለው ጊዜ ወተት መቀነስ ደግሞ ሌላ ጥፋት ይጨምራል፣ ዳቦው ይደርቃል።

በእንቁላልና በወተት የራሰ ምግብ ውጭ ማደር የለበትም፤ ቤቱ ቢቀዘቅዝም እንኳ። ፍሪጁ 4 ዲግሪ ወይም ከዚያ በታች መሆን አለበት። በበዓል ሰሞን ፍሪጅ ታጭቆ ስለሚሞላ አየር አይዘዋወርበትም፤ ዕቃው በር አጠገብ ሳይሆን ወደ ውስጥ ይግባ።

ሁለተኛው ቀረፋ ያለው ጥቅልል ዳቦ ነው፤ ሰው የሚፈራው ይህን ነው፣ የሚፈራበት ምክንያት ግን የለም። 500 ግራም የፉርኖ ዱቄት፣ 7 ግራም ደረቅ እርሾ፣ 60 ግራም ስኳር፣ 8 ግራም ጨው፣ 240 ሚሊ ሊትር ለብ ያለ ወተት፣ 1 እንቁላልና 80 ግራም የለሰለሰ የገበታ ቅቤ ይፈልጋል። ቅቤው የሚገባው ሌላው ተለውሶ ሊጥ ከሆነ በኋላ ነው። በእጅ 10 ደቂቃ ይታሻል። መጀመሪያ እጅ ላይ ይጣበቃል፤ ዱቄት አይጨመርበት፣ ሲታሽ ይለቃል። እዚህ ጋ የተጨመረ ሁለት እፍኝ ዱቄት ነው ጠዋት ዳቦውን ደረቅ የሚያደርገው። ወተቱ እጅ ላይ ሲንጠባጠብ ሙቀቱ እምብዛም የማይታወቅ፣ ከ37 እስከ 40 ዲግሪ ይሁን። ከ55 ዲግሪ በላይ ከሆነ እርሾው ይሞታል፣ ሊጡም አይነሳም።

ሊጡ ተሸፍኖ እጥፍ እስኪሆን ከ1 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ተኩል ኩፍ ይበል። ከዚያ በመዳመጫ 40 በ30 ሴንቲ ሜትር ይዘርጋ። 75 ግራም የለሰለሰ ቅቤ ይቀባና 120 ግራም ቡናማ ስኳር ከ10 ግራም ቀረፋ ጋር ተደባልቆ ይነስነስበት። ቅቤው መቅለጥ የለበትም፤ የቀለጠ ቅቤ ስኳሩን ይዞ ትሪው ላይ ይፈስና ያርራል። ቀረፋውም ሊጡ ውስጥ አይግባ፤ ቀረፋ እርሾን ስለሚያዳክም ሊጡ በደንብ አይነሳም። በረጅሙ ጎን ተጠቅልሎ 12 ቦታ ይቆረጥ። ቢላ ጥቅልሉን ስለሚጨፈልቀው ጠንካራ ክር ከሥሩ አሳልፎ ጫፍና ጫፉን አቆላልፎ መሳብ ይሻላል። በመካከላቸው የጣት ያህል ክፍተት ተትቶ ትሪ ላይ ይደርደሩና ተሸፍነው ፍሪጅ ይግቡ። ከ8 እስከ 12 ሰዓት ያለ ችግር ያድራሉ። ከዚያ በላይ ሲቆዩ መኮምጠጥ ይጀምራሉ፣ ሲጋገሩም ይሟሽሻሉ።

ማታ የሥራው ቅደም ተከተል ይህ ነው። ሊጡ ቀድሞ ይታሻል፤ እሱ ኩፍ እስኪል አትክልቱ ይጠበሳል፣ የእንቁላሉ ምግብ ተሰናድቶ ይገባል፤ ከዚያ ሊጡ ይጠቀለላል። ሁሉም በ2 ሰዓት ተኩል ያልቃል፣ ከዚያም አብዛኛው መጠበቅ ነው።

ቁርሱ ለጠዋቱ 2 ሰዓት ከታሰበ፣ ጥቅልሎቹ ከፍሪጅ የሚወጡት ከንጋቱ 12 ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ከፍሪጅ አውጥቶ በቀጥታ ኦቭን ይከታቸዋል። ዳሩ ሲበስል መሃሉ ገና ቀዝቃዛ ስለሚሆን ውስጡ ሊጥ ሆኖ ይቀራል። ተነፋፍተው እርስ በርስ ሲነካኩና በጣት ሲነኩ ጉድጓዱ ቀስ ብሎ ሲመለስ ደርሰዋል። የእንቁላሉ ምግብ በ12 ሰዓት ተኩል ይወጣል፤ በተለይ ዕቃው መስታወት ከሆነ ይህ ግማሽ ሰዓት አይዘለል፣ ከቅዝቃዜ በአንድ ጊዜ ወደ ትኩስ ኦቭን የገባ መስታወት ይሰነጠቃል። ኦቭኑ 12 ከ40 ላይ በ180 ዲግሪ ይለኮሳል። 1 ሰዓት ላይ የእንቁላሉ ምግብ በፎይል ተሸፍኖ ይገባል። 1 ሰዓት ተኩል ላይ ፎይሉ ይነሳል፣ ጥቅልሎቹም በሌላው መደርደሪያ ይገባሉ። ሁለቱ ከ20 እስከ 25 ደቂቃ አብረው ይጋገራሉ፤ ኦቭኑ አነስተኛ ከሆነ 5 ደቂቃ ይጨመር። የእንቁላሉ መሃል በቴርሞሜትር 71 ዲግሪ፣ የጥቅልሉ ደግሞ ከ88 እስከ 90 ዲግሪ ሲደርስ በስለዋል። ቴርሞሜትር ከሌለ መሃሉ ላይ የተወጋ ቢላ ፈሳሽ እንቁላል ሳይዝ ይውጣ። ማዕዱ ላይ ነፍሰ ጡር፣ ሕፃን ወይም አረጋዊ ካለ በዚህ አይቀለድ። የእንቁላሉ ምግብ ከወጣ በኋላ 10 ደቂቃ ካላረፈ ሲቆረጥ ይፈርሳል።

ፓንኬክን ለገና ጠዋት አልመክርም። ጥሩ ምግብ ነው፤ ግን በየተራ ስለሚወጣ አብሳዩ ከሌሎቹ ጋር አይቀመጥም። የግድ ከሆነ የወጣው በ95 ዲግሪ ኦቭን ውስጥ ሽቦ ላይ፣ ሳይደራረብ ይቆይ፤ ከተደራረበ በራሱ እንፋሎት ይልማል። እንቁላል ፍርፍርም ቶሎ ስለሚደርቅ ለብዙ ሰው አይመችም። ከቁርሱ ጋር ብርቱካን የሚቀርብ ከሆነ ማታ ተልጦ አይደር፤ ጠዋት፣ ጥቅልሎቹ ኦቭን ውስጥ ሳሉ ለመላጥ በቂ ጊዜ አለ።

አዘጋጆቹን የምጠይቀው ይህን ነው፦ የበዓል ምግብ አሠራር ስታወጡ ዱቄቱን በግራም ጻፉልን፤ ኩባያ እንደየቤቱ ይለያያል፣ ዱቄቱ ተጠቅጥቆ ሲለካና ተነስንሶ ሲለካም ክብደቱ አንድ አይደለም። የመጋገሪያ ዕቃውን ስፋት፣ የኦቭኑን ዲግሪና ምግቡ ከፍሪጅ የሚወጣበትን ሰዓትም ጨምሩበት።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋዜጣችሁ አንባቢ