ለደንበኞቻችን፦ «ዘይት ብቻ» መቀየር ለምን እንዳቆምን

ሰላም ለናንተ ይሁን፣ ውድ ደንበኞቻችን።

ከመስከረም ወዲህ «ዘይት ብቻ ቀይሩልኝ» ብሎ የመጣን መኪና ዘይት ብቻ ቀይረን አንሸኝም። ሰርቪሱ የጎማ ነፋስ፣ የፍሬን፣ የካንዴላ፣ የአየር ማጣሪያና የቴርሞስታት ፍተሻን አንድ ላይ የያዘ ሆኗል። ዋጋው ጨምሯል፤ በሃያ ደቂቃ ያልቅ የነበረው ሥራም ሁለት ሰዓት ያህል ይፈጃል። በዚህ የተቀየማችሁን ብዙ ናችሁ። «ሂሳብ ለማብዛት ነው» ብላችሁ ወደ ሌላ ጋራዥ የሄዳችሁም አላችሁ። ለተጉላላችሁበት ይቅርታ እንጠይቃለን። ውሳኔው ግን ይጸናል፤ ምክንያቱን መስማት ደግሞ መብታችሁ ነው።

ዘይት ብቻ ቀይሮ የሚሄደው ደንበኛ በሳምንቱ ተመልሶ «መኪናዋ ነዳጅ ትበላለች» ይለናል። ነዳጁን የሚበላው ግን አብዛኛውን ጊዜ ዘይቱ አይደለም።

ከፍሬን እንጀምር። በደሴ ዳገትና ቁልቁለት ፍሬን ብዙ ይሠራል፤ ካሊፐሩ (ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጫነው ክፍል) በአቧራና በዝገት ሲይዝ ሸራው ዲስኩን ሳይለቅ ይቀራል። ሹፌሩ እግሩን አንስቷል፣ ፍሬኑ ግን አሁንም ይዟል። ሞተሩ ቀኑን ሙሉ ከራሱ ፍሬን ጋር ይታገላል ማለት ነው። እኛ መኪናዋን በክሪክ አንስተን እያንዳንዱን ጎማ በእጅ እናዞራለን። እናንተም ልታውቁት ትችላላችሁ፦ ፍሬን ብዙም ሳትይዙ ሜዳ ላይ ነድታችሁ ስትቆሙ እጃችሁን ወደ ቸርኬው አስጠጉ፤ አንዱ ከሌሎቹ ለይቶ የሚያቃጥል ከሆነ እሱ ይዟል። ይህን ሃያ ደቂቃ ውስጥ የሚያይላችሁ የለም።

ቴርሞስታት ብዙ ያጨቃጨቀን ነገር ነው። «አውጡልኝ፣ ሞተሩ እንዳይሞቅ» የሚል ሁሉ እንደከለከልነው ያውቃል። ቴርሞስታት ውሃው 82 ወይም 88 ዲግሪ አካባቢ እስኪደርስ ዘግቶ ሞተሩን ቶሎ የሚያሞቅ ነው። እሱ ከወጣ፣ በተለይ በደሴ ብርድ፣ ሞተሩ ሥራ ሙቀቱ ላይ ሳይደርስ ይውላል። የመኪናዋ ኮምፒውተር ደግሞ «ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ ነው» ብሎ ቤንዚን አብዝቶ ይረጫል። ሞተር ከሞቀ ምክንያቱ ራዲያተሩ፣ የውሃ ፓምፑ፣ ፋኑ ወይም ራሱ ተዘግቶ የቀረ ቴርሞስታት ነው። የተበላሸውን በአዲስ እንቀይራለን፤ ባዶ አድርገን ግን አንገጥምም።

አሁን ስለ ሐረጎ፣ ወደ ኮምቦልቻ ስለሚያወርደው ቁልቁለት። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከ2,400 ሜትር በላይ ተነስታችሁ ወደ 1,850 ሜትር ገደማ ትወርዳላችሁ። ነዳጅ ለመቆጠብ ማርሹን ዜሮ አድርጎ መውረድ የብዙ ሹፌር ልማድ ነው። ነዳጁ በኮምፒውተር በሚረጭበት የኢንጀክተር መኪና ይህ ቁጠባው የተገላቢጦሽ ነው። በማርሽ ሆናችሁ ከነዳጅ መስጫው እግራችሁን ስታነሱ ኮምፒውተሩ መርጨቱን ጨርሶ ያቆማል፤ ሞተሩን የሚያዞረው ጎማው ነው። ዜሮ ስታደርጉት ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ መርጨት ግድ ይሆንበታል። በዚያ ላይ መኪናውን የሚይዘው ፍሬን ብቻ ስለሚሆን ይግላል፣ ከጋለ በኋላ መያዙን ይተዋል። ሞተር አጥፍቶ መውረድማ አይታሰብ፤ የፍሬኑ ማገዣ ከሁለት ሦስት ርግጫ በኋላ ያልቃል፣ መሪውም ይከብዳል። በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ ማርሽ ውረዱ። ካርቡረተር ያላቸው አሮጌ መኪኖች ዜሮ ላይ ጥቂት ሊቆጥቡ ይችላሉ፤ ለፍሬኑ ስንል ግን ለእነሱም አንመክርም።

ጎማ ቀላል መስሎ ይታያል። የአራቱም ጎማ ነፋስ በ1 ፒኤስአይ (የነፋስ ግፊት መለኪያ) ሲጎድል ፍጆታው 0.2 በመቶ ያህል ይጨምራል። 32 መሆን ሲገባው 22 ይዞ የሚመጣ መኪና ስንት ነው፤ ጎማውም በዳርና ዳሩ ይበላል። ትክክለኛው ልክ በሹፌሩ በር ምሰሶ ላይ ተለጥፏል። ባቲ ገበያ ደርሳችሁ ጎማው በቆላው ሙቀት ሲጠነክር ነፋስ አታስወጡ፤ ደሴ ስትመለሱ ይጎድላል።

ዘይቱንም ቢሆን በልኩ ነው የምንሞላው። አምራቹ 5 ደብሊው 30 ብሎ ላዘዘው ሞተር «ወፈር ያለ ይሻላል» ብሎ 20 ደብሊው 50 መሙላት ሞተሩን ያከብደዋል፤ የነዳጅ ፍጆታውም ይጨምራል። ዘይት የሚበላ ያረጀ ሞተር ሲሆን ተነጋግረን እንወስናለን።

ስለ አየር ማጣሪያ ሐቁን እንናገር፦ በኢንጀክተር ቤንዚን መኪና የቆሸሸ ማጣሪያ ጉልበት ይቀንሳል እንጂ ፍጆታውን ያን ያህል አይጨምርም። ስለዚህ ሳያስፈልግ ቀይሩ አንላችሁም። በካርቡረተርና በናፍታ መኪና ግን ሌላ ነው። የደሴ አየር ራሱ ስስ ነው፣ ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ገደማ፤ ማጣሪያው ሲታፈን አይሱዙ የጦሳን ተራራ ሽቅብ ጥቁር ጭስ እየተፋ የሚወጣው ያልተቃጠለ ናፍታችሁን ነው። በኮምፕሬሰር መንፋት ወረቀቱን ይበሳዋል፤ ለዚህ ነው መንፋቱን የተውነው። የቼክ ኢንጅን መብራት ከበራባችሁ ደግሞ አትለፉት። በጭሱ ውስጥ ያለውን ኦክስጂን ለኮምፒውተሩ የሚለካው የኦክስጂን ሴንሰር ሲበላሽ ብቻውን ፍጆታን እስከ 40 በመቶ ሊያንር ይችላል።

ባዶውን የሚውል ፖርቶመጋላ አውርዱ። ቆማችሁ ሰው ስትጠብቁ ሞተር አጥፉ።

ዋጋውን በተመለከተ፦ የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ካንዴላውም፣ ሸራውም፣ ዘይቱም የሚገባበት ዋጋ እንደ ድሮው አይደለም። የጨመርነው የዕቃውንና የሠራተኛውን ሰዓት ነው። ርካሽ ሸራ ገጥመን ዋጋውን ማቆየት እንችል ነበር፤ ሐረጎን የምትወርዱት ግን እናንተና ልጆቻችሁ ናችሁ። ይህ ጋራዥ በአንድ ክሪክና በአንድ ሳጥን መፍቻ ሲጀምር መኪናችሁን ያመናችሁብን እናንተ ናችሁ፤ ያ እምነት ዛሬም ያሳስበናል። «ሂሳብ ለማብዛት» መባላችን ከብዶናል።

ቃላችንን ብቻ አትመኑ። ታንከሩን ሙሉ፣ ኪሎ ሜትሩን ጻፉ። በሚቀጥለው ጊዜ እዚያው ማደያ ደግማችሁ ሙሉ፤ የሄዳችሁትን ኪሎ ሜትር ለሞላችሁት ሊትር አካፍሉ። ከሰርቪሱ በፊትና በኋላ ይህን አድርጋችሁ ደብተሩን አምጡልን፤ ለውጥ ካላያችሁ መኪናዋን ያለ ክፍያ ደግመን እንፈትሻለን።

ዘይት ሌላ ቦታ የቀየራችሁም አብሽሩ፣ በራችን ክፍት ነው። የጎማ ነፋስ በነጻ እንለካለን። ጠዋት ኑ፣ ጎማው ሳይሞቅ።

ከአክብሮት ጋር
የጋራዡ ባለቤት፣ ደሴ