ሰኔ ሲገባ

ውድ እህቴ፣

እንዴት ከርመሻል? እማማስ ጉልበታቸው ተሻላቸው? ከተጻጻፍን ስንት ጊዜያችን! እዚህ አሜሪካ፣ ኦክላሆማ፣ ስቲልዋተር ዩኒቨርሲቲ ሆኜም ግን ሐረማያን አልረሳሁም። ኮሌጃችንን ሊያቋቁሙ የመጡት መምህራን ከዚሁ ዩኒቨርሲቲ አይደል የተነሡት? ጃንሆይም በ1954 እዚህ መጥተው ጎብኝተዋል (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ)።

በመጨረሻው ደብዳቤሽ «ሰርጉና ለቅሶው ምርምሬን በላው» ብለሽኝ ነበር። እስቲ ስለ ቢሮ ጓደኛዬ ልንገርሽ። ኦሴጅ ናት፤ ከአሜሪካ ነባር ሕዝቦች አንዱ ናቸው። እንደኔው ዶክትሬቷን እየሠራች ነው። ጠረጴዛዋ ላይ ከጥናት ወረቀቶቹ ጎን የሐር ጥብጣብ አይጠፋም። ቆርጣ፣ ጠርዙን አጥፋ፣ አንዱን ባንዱ ላይ ደርባ ትሰፋዋለች። ለእህቷ ልጅ የጭፈራ ልብስ ነው።

ሰኔ ሲገባ ላፕቶፗን ትዘጋለች። አማካሪዋ ቢቆጣም ንቅንቅ አትልም። በኦሴጆቹ ሦስት መንደሮች፣ በግሬይሆርስ፣ በሆሚኒና በፓውሃስካ፣ ኢንሎንሽካ የሚባለው ጭፈራቸው አለ። ከበሮው በአደራ የሚሰጠው ለአንድ ቤት የበኩር ወንድ ልጅ ነው። ልጁ ከበሮውን ከተረከበ እንግዳ መቀበሉና ማብላቱ የዘመድ አዝማዱ ሁሉ ሥራ ይሆናል። አምና ይዛኝ ሄደች። ሥጋውና በቆሎው በትልልቅ ድስት ይንተከተካል። አክስቶቿ ስለ ጥናቷ አንድም ነገር ሳይጠይቋት ማማሰያ ሰጧት። እኔን ደግሞ በልቼ ሳልጠግብ አላስነሡኝም።

ታሪካቸውን ሳውቅ ይህ ሁሉ ገባኝ። ከካንሳስ ሲገፉ ይህን አገር በገዛ ገንዘባቸው ገዙት። በ1906 መሬቱ ለየሰዉ ሲከፋፈል፣ ከሥሩ ያለውን ነዳጅ ግን አንከፋፈልም አሉ። የጋራ ሆኖ ቀረ፤ ገቢው ለ2,229 ሰዎች ተደለደለ። ሀብቱ መዘዝ አመጣባቸው። ትልልቅ ሰዎች ሆነው ሳለ በገንዘባቸው ላይ ሞግዚት ተሾመባቸው። በ1920ዎቹ ድርሻቸውን ለመውረስ ሲባል ብዙዎች ተገደሉ፤ ኦሴጅ አግብቶ የሚስቱን ቤተሰብ ያስጨረሰም ነበር። እኔ ይህን ሳነብ እንቅልፍ አጥቻለሁ።

በቋንቋቸው አፍ የፈቱት የመጨረሻዋ እናት በ2005 አረፉ። ሕዝቡ ግን እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። በ2006 ኸርማን ሞንግሬን ሉካውት የሚባሉ መምህራቸው ለቋንቋው የራሱን ፊደል ቀረጹለት። በ2016 ፊደሉ ኮምፒውተርና ስልክ የየቋንቋውን ፊደል በሚያውቁበት በዩኒኮድ ሥርዓት ውስጥ ገባ፤ ዛሬ ጓደኛዬ ለእህቷ ልጅ በስልክ ትጽፍበታለች። ሀ ሁ ቆጥረን ላደግን ለኛ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

እና እህቴ፣ በሰርጉና በለቅሶው አልስማማልሽም። እሷ ከሰኔው ድግስ ስትመለስ የምትጽፈው ምዕራፍ ከሌላው ጊዜ ይልቅ ነፍስ አለው። የምታጠናው የነዚያኑ ሰዎች መሬት ነዋ! አንቺም የምታጠኛቸው ገበሬዎች ለቅሶ ቤት አብረውሽ የሚቀመጡት ናቸው። ከነሱ ርቀሽ ስለነሱ ምን ትጽፊያለሽ?

የወንድምሽ ሰርግ መቼ ሆነ? ቀኑ ሲቆረጥ ቶሎ ጻፊልኝ፤ ከወዲሁ ፈቃድ ልጠይቅ።

እህትሽ