አይባኔዝህ ኮዬ ፈጬ ናት

ስሌ፣

እንደምን ከረምክ? መጥፋቴን አውቃለሁ፤ ሰበብ አልደረድርም። ብትሳደብም እችለዋለሁ። ግን አንተም ስልክ የለህም እንዴ? በቃ፣ ታርቀናል። እኛ ደህና ነን። ኮንዶሚኒየሙ ወጥቶልን ኮዬ ፈጬ ገብተናል፤ ውሃ በፈረቃ፣ መብራት ደስ ሲለው። ሌላውን ሌላ ጊዜ።

አሁን ቁጭ በል። አይባኔዝ ጊታርህ ተገኘች።

አዎ፣ ራሷ። ወደ ቱሉ ዲምቱ በሚወስደው መንገድ ዳር ቴፕና ራዲዮ የሚጠግን ልጅ አለ። ከጠረጴዛው ሥር በማዳበሪያ ከረጢት ተጠቅልላ አገኘኋት። ካንተ የገዛት ሰውዬ ለማን እንደሸጣት፣ ከዚያስ በስንት እጅ እንዳለፈች የሚያውቅ የለም። ያወቅኳት በጠባሳዋ ነው። ሲጋራህን ክሩ ጫፍ ላይ እየሰካህ ጭንቅላቷን ያቃጠልክባት ቦታ አሁንም ጥቁር ነው። ከጀርባ ያለውን ቁጥር በምራቅ ጠራርጌ አነበብኩት፤ ኤች 78 ብሎ ይጀምራል። አይባኔዞች ያኔ የተሠራችበትን ወር በፊደል ነበር የሚጽፉት። ኤ ጃንዋሪ ከሆነ ኤች ኦገስት ነው፤ 78ቱ ደግሞ የፈረንጆቹ 1978። በእኛ እንግዲህ የ1970 ክረምት መሆኑ ነው። እዚህ ሰው በሰዓት እላፊ በጊዜ ሲከተት፣ እዚያ ጃፓን ማትሱሞቶ ከተማ ፉጂገን ፋብሪካ ውስጥ ይቺን ይሞርዱ ነበር።

«የጊብሰን ኮፒ» እያለ ያበግንህ የነበረው ሰውዬስ ትዝ ይልሃል? ሙሉ በሙሉ አልዋሸም። አይባኔዝ ለዓመታት የአሜሪካኖቹን ጊታሮች ሲገለብጥ ኖሯል፤ በፈረንጆቹ 1977 የጊብሰን ባለቤት ኩባንያ በጭንቅላቱ ቅርጽ የተነሳ ክስ አስመሥርቷል። ያንተዋ አርቲስት ሞዴል ግን ኮፒ አይደለችም። ሁለቱ ቀንዶቿ የራሷ ናቸው። ያኔ ይህን ብታውቅ ኖሮ ልምምዱ ሁሉ ክርክር ሆኖ ይቀር ነበር፣ እንኳን አላወቅክ።

ሁኔታዋ አያድርስ ነበር። አንገቷ ወደ ፊት ጎብጧል። ውስጡ ያለውን ብረት ሩብ ዙር እያጠበቅኩ፣ እያሳደርኩ፣ እንደገና እያየሁ አቃናሁት። ክሮቹ የሚያርፉበት ነት ተሰብሮ ስለነበር ከሉካንዳ የበሬ አጥንት ለምኜ፣ ቀቅዬ፣ ሞርጄ አዲስ ሠራሁላት። ቤቱ በሙሉ አጥንት አጥንት ሲሸት ሚስቴ አላናገረችኝም። አንገቷ ላይ የተደረደሩት ብረቶች፣ ፍሬቶቹ ደግሞ ትዝታ የምትደጋግምባቸው ቦታዎች ላይ ጎድጉደዋል። ጣትህ የት የት ይውል እንደነበር በዓይኔ አየሁ! እነሱን ማስተካከል ልቤን አወለቀው፤ ትንሽ ካበዛህ አለቀልህ። የተበጠሱትን ሽቦዎች በየድኩ፣ የሚንኮሻኮሹትን ማዞሪያዎች አጸዳሁ። የክሩን ድምፅ የሚይዙት ፒክአፖቹ ግን ምንም አልሆኑም። ጃፓን!

አጨዋወቷን ልንገርህ። ክሮቹ ዝቅ ብለዋል፣ አንዱም ፍሬት አይንጫረርም። አንገቷ በብሎን ሳይሆን በማጣበቂያ የተያያዘ ስለሆነ ነው መሰለኝ፣ አንድ ኖታ ይዤ ስለቅ ልጄ «አባዬ በቃ» እስክትለኝ አይሞትም። እዚህ የመብራቱ ሽቦ እንደነገሩ ነው፤ ያቺ ሌላዋ ጊታሬ ድምፅ ማጉያው አምፕ ላይ ስትሰካ ታጉረመርማለች። ያንተዋ ጸጥ! ፒክአፖቿ ሁለት ሁለት ጥቅል አላቸው፤ በተቃራኒ ስለሚሠሩ አንዱ የሌላውን ጉርምርምታ ያጠፋዋል። አንቺ ሆዬ ላይ ግማሽ ድምፆቹ ሲቀራረቡ ድሮ ትበላሽብን አልነበር? አሁን ከታችም ከላይም ቅኝቷን ይዛ ትወርዳለች። ባቲ ስጫወት ደግሞ ከአንገት በኩል ያለው ፒክአፕ ላይ አድርጌ ቶኑን ግማሽ ድረስ እዘጋለሁ። ወፍራም፣ ትንሽ የታፈነ ድምፅ ነው። አንተ «የሴት ልጅ ማጉረምረም» የምትለው።

ብቻ ክብደቷ። ትከሻዬ የድሮው አይደለም።

አምፑ የኔው ነው፣ አትስጋ። የጃፓኑን ባለ 100 ቮልት አምፕ 220 ላይ ሰክቶ ሠርግ ያጨለመ ሰው ስለ ጥንቃቄ አይመክረኝም።

እንግዲህ አሁን የማፍርበት ነገር። ስገዛት ለስሌ ነው ብዬ ነው። ለልጁም እንደዚያ አልኩት፤ ለሚስቴም። ለመንገድህ ስትሸጣት ጉንፋን ይዞኛል ብለህ አፍንጫህን ስትጠርግ አይቻለሁና። አሁን ግን፣ እንዴት ልበልህ፣ እጄ ለመዳት። ማታ ሰው ሲተኛ አምፕ ሳልሰካ እነካካታለሁ። «ለስሌ ልደውልለት» እላለሁ፣ ከዚያ «ነገ» እላለሁ። የዝምታዬ ግማሹ እሱ ነው። ግማሹ ስንፍና ነው፣ ታውቀዋለህ።

እና ትፈልጋታለህ? ይሉኝታ ይቅርና በግልጽ ንገረኝ። «አዎ» ካልክ ለገና ስትመጣ ትረከባለህ፤ አኩርፌም ቢሆን አስረክባለሁ። ዋጋዋን ግን አትጠይቀኝ፣ ትስቅብኛለህ። «ያንተ ትሁን» ካልክ ደግሞ በጽሑፍ ይሁንልኝ፤ አንተን አውቅሃለሁ።

አንድ ነገር ግን ያስፈልገኛል። የአንዱ ቮልዩም ማዞሪያ ጠፍቶ የአሮጌ ራዲዮ አድርጌበታለሁ፤ ያስጠላል። ጎማ የለበሰችዋ የዘመኑ ማዞሪያ እዚያ አሜሪካ አትጠፋም። ፈልግና ላክልኝ። ጊታሯ ያንተም ሆነች የኔ፣ ማዞሪያዋ ታስፈልጋታለች።

ያንተው
ሙሌ