ለቁጥጥር ኮሚቴ አባላት፦ የጋራ ኤጀንሲውን ሂሳብ ስትመረምሩ

ውድ አባላት፣

በርካታ ማዘጋጃ ቤቶች በጋራ ያቋቋሙት ኤጀንሲ ላይ ቁጥጥሩ የሚላላው አንዱ ምክር ቤት ሌላው ያየዋል ብሎ ስለሚተወው ነው። የኦዲት ሪፖርቱ ለቦርዱ ብቻ ሳይሆን ለእያንዳንዱ መሥራች ምክር ቤት በቀጥታ እንዲደርስ ጠይቁ።

ከሁሉ አስቀድማችሁ የባንክ ሂሳብ ማስታረቂያውን፣ ማለትም የኤጀንሲው መዝገብ ከባንኩ መግለጫ ጋር የሚነጻጸርበትን ሰነድ፣ ተመልከቱ። ያልተመነዘረ ተብሎ ከወር ወር የሚሻገር ቼክ ካለ፣ የክፍያ ማዘዣውንና ደረሰኙን ዋናውን አስቀርቡ፤ ኮፒ አትቀበሉ። ገንዘብ ያዡና ማስታረቂያውን የሚሠራው አንድ ሰው ከሆነ፣ ገንዘብ ባይጎድልም እንኳ የኦዲት ግኝት ሆኖ ይጻፍ። ይህን በቃል ማሳሰቢያ ማለፍ ትልቅ ስህተት ነው።

ማዘጋጃ ቤቶቹ ለኤጀንሲው የሚከፍሉት መዋጮ በመካከላቸው ካለው ስምምነት ቀመር ጋር ይመሳከር። ያልተሰበሰበ መዋጮ በገቢነት ሲመዘገብ ሂሳቡ ትርፍ እያሳየ ለደመወዝ የሚሆን ጥሬ ገንዘብ ሊጠፋ ይችላል። ያልተወራረደ፣ ማለትም ማስረጃ ቀርቦበት ያልተዘጋ፣ ቅድመ ክፍያም በተቀባዩ ስም፣ በቀንና በመጠን ተዘርዝሮ ይቅረብ።