ጀማሪ ዲፕሎማቶች ሥራቸውን ከቆንስላ መስኮት ይጀምሩ

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ጡረታ እስከወጣሁበት ጊዜ ድረስ በቆንስላ ሥራ ያገለገልሁ ሰው እንደመሆኔ፣ ከዩኒቨርሲቲ ተመርቀው ወደ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ስለሚገቡ ወጣቶች የመጀመሪያ ዓመት ለሚመለከታቸው ኃላፊዎች አንድ ሐሳብ ማቅረብ እፈልጋለሁ። አዲሱ ምሩቅ ከሁሉ አስቀድሞ የዜጎች ጉዳይ በሚስተናገድበት ጠረጴዛ ይቀመጥ፤ ከገባበት ዕለት ጀምሮም ዐረብኛ ይማር።

ጀማሪ ዲፕሎማት ስለ ፕሮቶኮል፣ ስለ ድርድርና ስለ ዓለም አቀፍ ሕግ ይሠለጥናል፤ በዋናው መሥሪያ ቤትም ቃለ ጉባኤ መያዝና ደብዳቤ ማርቀቅ ይለማመዳል። ይህን አላጣጥልም፤ ቃለ ጉባኤ በወጉ መያዝ የማይችል ሰው በድርድር ያገኘውን ነገር ለአገሩ በትክክል ማስረከብ አይችልም። ነገር ግን ፋይል ብቻ እያገላበጠ የቆየ ወጣት፣ ፋይሉ የማን ሕይወት እንደሆነ ሳያይ ለውጭ ምደባ ሊደርስ ይችላል።

በቆንስላ መስኮት የሚሆነውን ልግለጽ። አንዲት የቤት ሠራተኛ ከአሠሪዋ ቤት ጠፍታ ትመጣለች። ፓስፖርቷ በአሠሪዋ እጅ ነው፤ ስሟ በመኖሪያ ፈቃዷ ላይ በዐረብኛ ሲጻፍ ተለውጧል፤ ዕድሜዋም ከእውነተኛው ከፍ ተደርጎ ተሞልቷል። ሊሴ ፓሴ፣ ማለትም ፓስፖርት በእጁ ለሌለው ዜጋ የሚሰጥ ጊዜያዊ የጉዞ ሰነድ፣ ለመስጠት ወረዳዋን፣ ቀበሌዋን፣ የአያቷን ስም ሳይቀር እየጠየቁ፣ ሳያስደነግጡ፣ ዜግነቷን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። በከፋላ ሥርዓት የመኖሪያ ፈቃዷ ከአሠሪዋ ጋር የተሳሰረ በመሆኑ፣ ያልተከፈለ ደመወዟን ለማስከፈል አሠሪውን በስልክ አግኝቶ፣ ሳይቆጡም ሳይለማመጡም፣ በራሱ ቋንቋ ማግባባት ግድ ይላል። ከዚህ የተሻለ የድርድር ትምህርት ቤት እኔ አላውቅም።

የ1963ቱ (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) የቪየና የቆንስላ ግንኙነት ስምምነት በአንቀጽ 5 የዜጎችን ጥቅም መጠበቅን ከቆንስላ ተግባራት መካከል ይዘረዝራል፤ አንቀጽ 36 ደግሞ የታሰረ ዜጋን የመጎብኘት መብት ይሰጣል። አንቀጹን ለፈተና ማጥናት አይከብድም። እስር ቤት በር ላይ ቆሞ በዐረብኛ መጠየቅ ግን ሌላ ነገር ነው። በ2006 ዓ.ም. ከሳዑዲ ዐረቢያ ከ160 ሺህ በላይ ዜጎቻችን በጥቂት ወራት ውስጥ ሲመለሱ፣ ይህን የሚችል ሰው ምን ያህል እንደሚያስፈልገን በግልጽ ታይቷል።

ወጣትነት ለከባድ ኃላፊነት እንቅፋት እንዳልሆነ ታሪካችን ይመሰክራል። በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን አዲስ አበባን ስትይዝ፣ በፓሪስ የአገራችንን ጉዳይ ይዘው ሲሟገቱ የነበሩት አክሊሉ ሀብተወልድ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ላይ ነበሩ። በእስክንድርያ በፈረንሳይኛ ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎም በፓሪስ ሕግ መማራቸው አስተርጓሚ ሳይሹ እንዲከራከሩ አስችሏቸዋል። ዛሬ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ስደተኞች በሚሠሩበት ቀጠና፣ ዐረብኛ ለእኛ ያኔ ፈረንሳይኛ የነበረውን ያህል ያስፈልገናል።

የቆንስላ ሥራ ፓስፖርት ከማደስ የማያልፍ ነው የሚል ንቀት በአንዳንድ ባልደረቦቻችን ዘንድ እንዳለ አውቃለሁ፤ በከፍተኛ ማዕረግ የተመረቀ ልጅም ቅር ሊለው ይችላል። መፍትሔው የመጀመሪያውን የደረጃ ዕድገት ከቆንስላ አገልግሎትና ከዐረብኛ ፈተና ጋር ማያያዝ ነው። ወጣቱ የመጀመሪያዎቹን ስድስት ወራት በአዲስ አበባ፣ ልጇ የደረሰችበት ጠፍቷት ከወሎ ወይም ከጅማ የመጣችውን እናት እያስተናገደ ያሳልፍ፤ ቀጥሎም ለአጭር ጊዜ ወደ ጅዳ፣ ወደ ቤይሩት ወይም ወደ ኩዌት ተልኮ፣ ዓመታት በመስኮቱ ከቆዩ ነባር ሠራተኞች ሥር ሆኖ ይሥራ። እነዚህ ነባር ሠራተኞች የአካባቢውን ፖሊስ ጣቢያ፣ ሆስፒታልና የአስከሬን መላኪያ ሥርዓት ጠንቅቀው ያውቃሉ፤ ዕውቀታቸው ግን አብዛኛውን ጊዜ በጽሑፍ ስላልሰፈረ በጡረታ አብሯቸው ይወጣል። ሚኒስቴሩ ቀጣዮቹን ምሩቃን ከመቀበሉ በፊት ይህን ዕውቀት አሰባስቦ በሥልጠናው ውስጥ እንዲያካትተው በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከአክብሮታዊ ሰላምታ ጋር፣
ጡረተኛ የቆንስላ ሠራተኛ፣ ከአዲስ አበባ